ኤልሹን ማን አፍ አስፈታት

በእኛ ጊዜ ልጅን ማን አፍ እንዳስፈታው አይታወቅም ነበር። ምን ማለቴ ነው፣ ደጅ ላይ የተቀመጠን ልጅ ያለፈ ያገደመ ሁሉ ሳያናግረው አያልፍም። ወደ ሞርሲቶ ገበያ የሚሄደው «አባትህ የት ሄደ?» ይለዋል፣ ሲመለስ ደግሞ «እስካሁን አልመጣም?» ይለዋል፣ ልጁም አንድ ነገር መመለስ አለበት፣ ካልመለሰ አይለቁትም። እና እኔ እህል ነጋዴ ነኝ፣ ከሜዳ ተነስቼ ነው መጋዘን ያቆምኩት፣ ሳልቆጥር የማሳልፈው ነገር የለም። ይሄን ግን ያኔ አልቆጠርኩትም፣ የሚቆጠር አልመሰለኝም። የቆጠርኩት በልጅ ልጄ ጊዜ ነው። አንተ ጻፍ፣ እኔ ልንገርህ።

ልጄ ዳንኤል ቢሮ ይሠራል፣ ሚስቱ አስተማሪ ናት፣ እዚሁ ሆሳዕና እኔ ግቢ ውስጥ ነው የሚኖሩት። ሴት ልጃቸው ኤልሻዳይ ትባላለች፣ ኤልሹ እንላታለን። ታዲያ ይቺ ልጅ ሦስት ዓመት ሊሞላት ነው፣ አንዲት ቃል የለም። ትሮጣለች፣ ትበላለች፣ ትስቃለች፣ ቃል የለም። ሐኪም ቤት ወሰዷት፣ ጆሮዋም ጉሮሮዋም ደህና ነው ተባለ። ታዲያ ዳንኤል አንድ እሑድ መጣና አዲስ አበባ አክስቷ ጋ ልንልካት ነው፣ እዚያ ጥሩ አማርኛ ትሰማለች አለኝ። ባለቤቴ ታደለች ይሄን ስትሰማ ጓዳ ገብታ ቀረች። ልጅቷን ከአራስነቷ ጀምሮ የያዘቻት እሷ ናት፣ ገባህ?

እኔ በማግስቱ መጋዘን መሄዱን ተውኩና በረንዳ ላይ ወንበሬን አወጣሁ፣ እና ቆጠርኩ። ለልጅቷ የሚነገረውን ነው የቆጠርኩት። ቴሌቪዥኑ ከጠዋት ጀምሮ በእንግሊዝኛ ይለፈልፋል፣ ካርቱን ነው፣ እሱን አልቆጠርኩትም። ለምን ብትለኝ፣ ቴሌቪዥን ይጠይቃል እንጂ መልስ አይጠብቅም። ገበያ መሀል ቆሞ ዋጋ እየጠራ ገዢውን የማያይ ሰው ነጋዴ ይባላል? አይባልም። ሌላውን ቆጠርኩ። «ነይ» ተባለች፣ «ብዪ» ተባለች፣ «ተይ» ተባለች። ይኸው ነው። ቀኑን ሙሉ ይኸው ነው።

ታደለችን ጠራኋትና፣ «አንቺ ሴት፣ ገበያ ላይ አፍሽን የሚያዘጋው የለም፣ እዚህ ምን ነካሽ?» አልኳት።

«ልጅህ ከልክሎኛል» አለች። «በሀዲይኛ አታናግሪያት፣ ይምታታባታል አለኝ። በአማርኛ ላናግራት ስል ደግሞ ሚስቱ፣ 'እማዬ፣ አይክፋሽና አነጋገርሽ ይጋባባታል' አለችኝ። ታዲያ በምን ላናግራት?»

ሳትቆጣ ነው ያለችው። ሰው በሞላበት ግቢ ልጅቷ ብቻዋን ነበር ያደገችው።

ዳንኤልን ጠራሁት። እስከ መስቀል ተውልኝ፣ እስከዚያ ካልተናገረች ውሰዳት፣ አልከለክልህም፣ ግን እስከዚያ በእናትህ አፍ አትግባ አልኩት። ቅር እያለው እሺ አለ። እኔም የቴሌቪዥኑን ገመድ ነቀልኩና መጋዘን ወስጄ ቆለፍኩበት። ለታደለች ደግሞ ዊጆውን ከእንግዲህ እዚህ አድርጊው አልኳት። ዊጆ የሴቶቹ ነው፣ በየሳምንቱ እያንዳንዷ ከቤቷ ቅቤ ታመጣለች፣ ተሰብስቦ ለአንዷ ይሰጣል፣ በተራ ነው፣ መስቀል ሲደርስ ቅቤ የማታጣው በዚህ ነው። እና ሴቶቹ ሲመጡ ቅቤው ትንሽ ነው፣ ወሬው ብዙ ነው፣ እኔ የፈለግኩት ወሬውን ነው።

ከነሱ ውስጥ ዘይቱና የምትባል አለች፣ የጉራጌው ባለሱቅ ሚስት፣ ጎረቤታችን። መጀመሪያ ቀን ኤልሹ ከአያቷ ጀርባ ተደብቃ እያየቻት፣ ዘይቱና ቆጣ ብላ፣ «አንቺ፣ ቅቤሽ የታለ? ሁላችን አመጣን፣ አንቺ ብቻ ልትበዪን?» አለቻት። ከዚያ እጇን ዘርግታ ትጠብቃለች። ይሄን ልብ በል፣ መጠበቋን። ልጅቷ ዝም፣ እሷም እጇን እንደዘረጋች ነው። በሚቀጥለው ሳምንትም እንደዚያው፣ «ዛሬም ባዶ እጅሽን መጣሽ? ከዊጆ እናስወጣሽ?» ትላታለች፣ ትጠብቃለች። ሌሎቹም ያግዟታል፣ አንዷ በሀዲይኛ ለልጅቷ ትከራከርላታለች፣ አንዷ በአማርኛ ትከሳታለች። ታደለችም አፏ ተፈታ፣ ከነጋ ጀምሮ ከልጅቷ ጋር ስታወራ ትውላለች፣ ጥያቄውም መልሱም የራሷ ነው።

ታዲያ መስቀል እየቀረበ ሄደ፣ ቃል የለም። ዳንኤል ሻንጣ ገዛ። እኔም፣ እውነቱን ልንገርህ፣ ከሰርኩ ብዬ ነበር።

የመጨረሻው ዊጆ ዕለት ሴቶቹ ክብ ሠርተው ተቀምጠዋል፣ ኤልሹ ከጓሮ መጣች፣ በእንሰት ቅጠል የተጠቀለለ ነገር በሁለት እጇ ይዛለች። መሀላቸው አስቀመጠችው። ታደለች ፈታችው። ጭቃ ነው። ልክ እንደ ቅቤ አድቦልቡላዋለች። አንዷም አልሳቀች። ዘይቱና አነሳችው፣ በእጇ መዘነችው፣ በአውራ ጣቷ ጫን ጫን አደረገችውና፣ «ይሄ ውሃ በዝቶበታል፣ አንቀበልም» አለች፣ በአማርኛ።

«ውሃ የለውም» አለቻት ልጅቷ።

በሀዲይኛ ነው ያለችው፣ ጥርት አድርጋ።

ዘይቱና አልደነገጠችም፣ ብልህ ሴት ናት። «አለው እንጂ» አለቻት።

«የለውም።»

ተከራከሩ ነው የምልህ። ታደለች ቅጠሉን መልሳ ጠቀለለችውና ከሌላው ቅቤ ጋር አስቀመጠችው። ዳንኤል ከሥራ ሲገባ ነገርነው። «በአማርኛስ?» አለ። «በአማርኛ ተጠይቃ ነው የመለሰችው» አልኩት። ሻንጣውን የት እንዳደረገው አላውቅም።

አሁን በሁለቱም ታወራለች። አማርኛዋ እንደ አያቷ ነው፣ እናቷ ታርማታለች፣ እሷም መልሳ እናቷን ታርማለች። እና ባለፈው ዳንኤል መጋዘን ድረስ መጣና ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? «አባዬ፣ ገመዱን መልስልን፣ ደክሞኝ ስገባ ትንሽ ዝም ትበልልኝ።» እሷን አስፈቅድ አልኩት። ሄዶ ጠየቃት። «ለምን?» አለችው። ካርቱን እንድታዪ አላት። «ለምን?» አለችው። እኔ በረንዳ ላይ ሆኜ እንደ ልማዴ መቁጠር ጀምሬ ነበር፣ ግን አንዱ ሲያነሳ አንዷ ስትቀበል፣ አንዷ ስታነሳ አንዱ ሲቀበል፣ ቁጥሩ ጠፋብኝ። በዕድሜዬ ቁጥር ሲጠፋብኝ ያኔ የመጀመሪያዬ ነው።

ገመዱማ አሁንም መጋዘን ነው። (ሳቅ)