ለበረኛችን የመጡት ሙክቶች

የመካነ ሰላም እግር ኳስ ክለባችን ገንዘብ ያዥ ነኝ። በረኛችንን አንድ ሀብታም ክለብ ሊወስድብን መሆኑን የሰሙት ጨርቅ ነጋዴው ሐጂ፣ ሁለት ሙክት እየጎተቱ ቢሮዬ ድረስ መጡ። «ለልጁ ስጥልኝና ይቅርልን» አሉኝ። አንጀቴን በሉት። «ሐጂ፣ የፌዴሬሽኑ ደንብ ከገቢያችን በላይ ለተጫዋች እንዳንከፍል ያግደናል፤ የደጋፊ ስጦታም እንደ ደመወዝ ይቆጠራል» አልኳቸው። ትንሽ አሰቡና «ሰፈሩን ሁሉ ሰደቃ ባበላስ? እሱም የሰፈሩ ልጅ አይደል?» አሉ። ለዚህስ ደንብ ከየት ላምጣ!

በማግስቱ አንዱን ሙክት እስላሙ፣ ሌላውን ክርስቲያኑ አረደው። በልተን ስናበቃ ሐጂ ለበረኛው ዱአ አደረጉ፤ ሁላችንም እጃችንን ዘርግተን «አሚን» አልን። ልጁ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለ፦ «ጋሼ፣ ይኼን ሁሉ አሚን ጥዬ በየትኛው እግሬ ልሂድ?»