ሁለት ጣት ትርፍ ጨርቅ

«እትዬ መሪማ፣ ነገ ጠዋት መብራት ቢጠፋና ሳምንት ሙሉ ባይመጣ ማኅበራችሁ ምን ይሠራል?»

ይህን የጠየቀችኝ መምህርት ፍሬሰላም ናት። ተክለ ሃይማኖት የታክሲ ሰልፍ ላይ በአጋጣሚ ተገናኝተን ነበር። ቅዳሜ ቅዳሜ በጎልማሶች ትምህርት ፊደል የምታስቆጥረኝ እሷ ናት። የንግድ ሥራ አመራር የተማረች ብትሆንም በዕድሜ ከልጄ ከሰሚራ ብዙም አትበልጥም። እኔ የምሥራቹን እየነገርኳት ነበር፤ አንድ የግል ኮሌጅ ዘጠኝ መቶ የምረቃ ካባ እንድንሰፋለት ጠይቆናል። እንኳን ደስ ያላችሁ ትለኛለች ስል ያን ጠየቀችኝ። ታክሲው መጣና ገባን፤ ልደታ ወርደን ተለያየን።

ማኅበራችን ልደታ፣ ፍርድ ቤቱ አጠገብ፣ አምስት ሰው ሆነን የምንሠራበት ስፌት ቤት ነው። የጠበቆች ካባና የመዘምራን ልብስ እንሰፋለን። ሊቀመንበራችን ጋሼ ገብረአረጋዊ አርባ ዓመት መቀስ የያዙ ሰው ናቸው። እኔ ባለቤቴ ከሞተ ወዲህ ሰሚራን የማስተምረው በዚህ ሥራ ነው። ቤቱ ቢዘጋ የሚቆመው የእሷ ትምህርት ነው። ስለዚህ ጥያቄው ከሆዴ አልወጣ አለኝ። በማግሥቱ «እሳቸው ይመልሱልሽ» ብዬ ፍሬሰላምን ወደ ጋሼ ወሰድኳት።

ስንደርስ ሳኒ፣ ከመካከላችን በዕድሜ ትንሹና በእጅ ፈጣኑ፣ ሁለቱን በእግር የሚዘወሩ አሮጌ የስፌት መኪናዎች ወደ በሩ እየጎተተ ነበር።

«ጋሼ፣ እነዚህ ለምን ይወጣሉ?» አለች ፍሬሰላም።

«ቦታ ይዘውብን ነዋ ልጄ። በነሱ ምትክ የኤሌክትሪክ እናስገባለን። ዘጠኝ መቶ ካባ በእግር አይሰፋም።»

«የጠበቆቹስ ሥራ?»

«ሁለት ወር ይጠብቁናል። ጠበቃ እንደሆነ ቀጠሮ ለምዷል።»

ሁላችንም ሳቅን። ፍሬሰላምም ሳቀች፤ ግን አልተወችም። «ሁለት ወር ሌላ ቤት ካሰፉ ይመለሳሉ?»

«ቲቸር፣ አንቺ ደግሞ!» አለ ሳኒ። «እንዲህ ያለ ዕድል ስንቴ ይመጣል? ጀለሶቼ ቢሰሙ ሥራ መጥቶለት የሚያመነታ ፋራ ይሉኛል።»

«ዕድሉን ግፉት አላልኩም ሳኒ። ዕድልም መከራም የማይገባበት ቤት የለም፤ መቼ እንደሚመጣም አንመርጥም። የምንመርጠው ሲመጣ እንዴት ሆነን እንደሚያገኘን ነው። ብዙ ዓመት የቆዩትን ድርጅቶች ብታያቸው ከወደቁት የበለጠ ዕድል ስላገኙ አይደለም የቆዩት። ሥራ በሞላ ጊዜ ከልክ በላይ አልሮጡም፣ በጎደለም ጊዜ ሥራቸውን አላቋረጡም።»

ጋሼ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቀሉ። «ይህ የመጽሐፍ ነገር ነው። እግዚአብሔር ሲሰጥ ልክ አይበጅለትም። በወጣትነቴ የመለስኩት ሥራ ሁሉ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።»

«እሺ፤ አንድ ነገር ልጠይቅዎት። ካባ ሲቆርጡ ልክ በሰውየው ወርድ ነው የሚቆርጡት?»

«ምን ማለትሽ ነው! በጎንና በጎኑ ሁለት ጣት ጨርቅ ወደ ውስጥ አጥፌ እተዋለሁ።»

«ለምን?»

«ሰው ይወፍራላ! ጠበቃማ ፈቃድ ባወጣ በዓመቱ ነው የሚወፍረው።»

«ሰውየው እንደሚወፍር ያውቃሉ?»

«እንዴት ብዬ አውቃለሁ? ስለማላውቅ አይደል የምተወው!»

«ጨርቁ አይባክንም?»

«ሙያውን የማያውቅ ባከነ ይላል። ካባው አሥር ዓመት የሚለበሰው ግን በዚያች ሁለት ጣት ነው።» ከዚያ ቀና ብለው አዩዋት። «አይ ተንኮልሽ!»

«ተንኮል አይደለም ጋሼ። ለካባው የሚተዉትን ለማኅበሩም ይተዉለት ነው የምለው።»

እውነቷን ነበር። ጋሼ በእጃቸው የሚያውቁትን በቤታቸው ላይ አላዋሉትም። እኛ እናቶችም እንዲሁ ነን። ለልጅ ጫማ አንድ ቁጥር አስበልጠን እንገዛለን፤ ኑሯችንን ግን ልክክ አድርገን እንሰፋለን።

«ታዲያ ምን አድርጉ ነው የምትይን?» አሉ ጋሼ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

«መጀመሪያ ሃያ ስፉና ኮሌጁ ይመልከተው። ከተስማማው ሦስት መቶ ብቻ ተቀበሉ። የጠበቆቹ ሥራ ሳይቋረጥ ለኮሌጁ በቀን አሥር ካባ ስፉ፤ ብርታት በተሰማችሁ ቀን አሥራ አምስት አይሁን፣ በሰነፋችሁ ቀንም ስምንት አይሁን። የእግር መኪናዎቹ አይሸጡ። አንድ ጣቃ ጥቁር ጨርቅ ደግሞ ሁልጊዜ መደርደሪያው ላይ ይቀመጥ።»

«አሥሩ በዘጠኝ ሰዓት ቢያልቅስ?» አልኳት እኔ።

«መኪናዎን ዘይት ይቀቡ እትዬ መሪማ፤ ከዚያ ወደ ልጅዎ ይሂዱ።»

ድምፅ ሰጠን። አራት እጅ ወጣ፤ ሳኒ እጁን ኪሱ ከተተ። ቃለ ጉባኤው ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ በጣት አሻራ ሳይሆን ስሜን ጽፌ ፈረምኩ። ቀሪውን ስድስት መቶ ካባ ሳኒ ተቀበለና ከማኅበሩ ወጣ። ከመንገዱ ማዶ ቤት ተከራይቶ ከሦስት ጓደኞቹ ጋር በኤሌክትሪክ መኪና መስፋት ጀመረ።

በዚያ ዓመት መብራት አንድም ቀን አልጠፋም። ሳኒ ስድስት መቶውን በጊዜው አስረከበ። በደጃፋችን ሲያልፍ «እትዬ መሪማ፣ አሥሯ አለቀች?» ይለኛል። የሰሚራን እንጀራ በገዛ ፊርማዬ የቀነስኩ መሰለኝ።

«ተሳስተን ይሆን?» አልኳት ፍሬሰላምን።

«ቀናው፤ ደስ ይበለን። ግን መንገዱ ልክ ስለሆነ አይደለም የቀናው» አለችኝ። አልተጽናናሁም።

በሁለተኛው ዓመት ኮሌጁ ከእኛ ሦስት መቶ፣ ከሳኒ አንድ ሺህ አዘዘ። ግንቦት ላይ የሰፈሩ ትራንስፎርመር ተቃጠለ፤ አሥራ አንድ ቀን ጨለማ ሆነ። በዚያው ሳምንት ኮሌጁ ምረቃውን ላልታወቀ ጊዜ አራዘመ። አደጋው ለሁለታችንም እኩል መጣ። ሳኒ የአንድ ሺሁን ጨርቅ ቆርጦ ጨርሶ ነበር፤ ሌላ ደንበኛም አልነበረውም። እኛ የቆረጥነው የሠላሳ ነበር። ጣቃውን ከመደርደሪያው አውርደን፣ በሁለቱ የእግር መኪናዎች እየተፈራረቅን፣ የጠበቆቹን ካባ ቀጠልን። በቀን አሥር አልሞላልንም፤ ስድስት፣ ሰባት ሰፋን። በራችን ግን አንድም ቀን ተዘግቶ አልዋለም።

«እግሬን ጡረታ አውጥቼው ነበር፤ መልሳ ቀጠረችው» ይሉ ነበር ጋሼ፣ ፍሬሰላም በመጣች ቁጥር። አዲስ ሰው ሲቀጥሩም መጀመሪያ የሚያሳዩት የሁለት ጣቷን እጥፋት ነው። ከዚያ የቀኑን ልክ፣ ከዚያ ጣቃውን፣ ከዚያ የእግር መኪናዎቹን ያሳያሉ። ሥራ ሲበዛ አንደነግጥም፣ ሲጠፋም አንበተንም። ጠበቆቹ ይበልጥ አመኑን፤ ሰሚራም አንድም ዓመት ሳታቋርጥ አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ጨረሰች።

ከመንገዱ ማዶ ያለው ቤት ዛሬ ፎቶ ኮፒ ይነሳበታል። ሦስቱ ጓደኛሞች ተበትነዋል፤ ሳኒ ወደ ሐዋሳ ሄዷል። ከአምስታችን አራታችን ልደታ አለን።