ለሹሙ የሚሆን ሙገሳ

(ፒያሳ አካባቢ፣ የወይዘሮ ውድነሽ አዝማሪ ቤት። ከሰዓት በኋላ ነው፤ እንግዳ አልገባም። አዝማሪው ባዜ ማሲንቆውን ይቃኛል።)

ውድነሽ፦ ባዜ፣ አፈር ስሆን! ዛሬን እንኳ በሞቱት ነገሥታት ብቻ ቀልድ። የወረዳው ሹም ሲገባ ደግሞ ከምኒልክ ጋር አመሳስለው።

ባዜ፦ ከምኒልክ ጋር? እትዬ፣ ምኒልክ ምን አደረጉኝ?

ውድነሽ፦ ተው አትቀልድ፤ ደክሞኛል።

ባዜ፦ እኔስ? «ሙት ወቃሽ አያድርገኝ» እያልኩ ሙት ስወቅስ አረጀሁ።

ውድነሽ፦ ሰዉ ግን ይስቃል። እስቲ ያቺን የስልኳን በል።

ባዜ፦ «ምኒልክ ስልክ ሲያመጣ ሰይጣን ነው አላችሁ፣
ዛሬ ያንን ሰይጣን ታቅፋችሁ ተኛችሁ።»
ይኸው። እኔን ራሴን ሰለቸችኝ።

ውድነሽ፦ ቆንጆ ናት! እሷን በልና ወደ ሹሙ እለፍ። «አንተም እንደሳቸው አዲስ ነገር አመጣህልን» በለው።

ባዜ፦ ምን አመጣ?

ውድነሽ፦ እኔ ምን አውቄ! አንተ አይደለህ አዝማሪው?

ባዜ፦ ባለፈው ሹም ሲመጣ «በግጥም ሸንቁጥልኝ» ያልሽኝ አንቺ ነሽ። ዛሬ ምን ነካሽ?

ውድነሽ፦ ውጣና የበሩን ግድግዳ እየው።

ባዜ፦ ስገባ አየሁት። ቀይ ቀለም።

ውድነሽ፦ አይተህ ነው ዝም ያልከኝ?

ባዜ፦ እስክትነግሪኝ ብዬ ነዋ። ሊያፈርሱት ነው?

ውድነሽ፦ ሊያፈርሱት ነው። ጠዋት እሱ ራሱ ቆሞ አስቀባው። ማታ ደግሞ እንግዶቹን ይዞ ሊዝናናበት ይመጣል። ምናልባት ደስ ካለው ይተወን ይሆናል።

ባዜ፦ ላም አለኝ በሰማይ! ሹም ደስ ሲለው ግንባሬ ላይ ብር ይለጥፋል እንጂ ቀለም አይፍቅም።

ውድነሽ፦ እናቴ ያረፈችው እዚሁ ቤት ነው፣ ባዜ። ከዚህ ወጥቼ የት እገባለሁ? እባክህ።

ባዜ፦ እሺ፣ እሺ፣ አታልቅሺ። አሞግሰዋለሁ። ግን ግጥሙ እምቢ አለኝ፤ ውሸት ታከተኝ። አንቺው ስጪኝ። እንደ እንግዳ ቁጭ በይና «ተቀበል» በይኝ፤ ያልሽውን እላለሁ። የሰጠ እንጂ የተቀበለ አይጠየቅም፤ የቤታችን ደንብ ነው።

ውድነሽ፦ እኔ? ይሁን። ተቀበል!

ባዜ፦ እህ!

ውድነሽ፦ «ቴዎድሮስ መድፍ ይዞ መቅደላ ላይ ወጣ፣»

ባዜ፦ «ቴዎድሮስ መድፍ ይዞ መቅደላ ላይ ወጣ፣» አሪፍ ነው። ሙገሳውን ቀጥዪ።

ውድነሽ፦ «የኛ ጀግና ደግሞ ቀለም ይዞ መጣ!»

ባዜ፦ ኧረ በማርያም! እትዬ፣ ይሄንን እሱ ፊት ልበለው?

ውድነሽ፦ አንተ ምን ቸገረህ? ከጎኑ ቁጭ ብዬ «ተቀበል» የምልህ እኔ ነኝ።