መስታወት ውስጥ የገባው የወንዝ ድንጋይ

ከኋላ ያላችሁ ትሰሙኛላችሁ? እሺ። የጡረታ ሽኝት ንግግሩን በደንብ ጽፌው ነበር፤ ወረቀቶቹ ግን ተዘበራርቀውብኛል። እንግዲህ እንደመጣልኝ ልናገር፤ ታገሡኝ።

ጋሼ እርሳስ ሥራ የጀመሩ ዕለት የተቀበልነው እሳቸውን አልነበረም። የዛሬ ሃያ ሁለት ዓመት ነው። የያኔው ኃላፊያችን አዲሱን ሠዓሊ ሊያስተዋውቁን ሙዚየሙን ይዘዋቸው መዞር ጀመሩ። ጋሼ ገና የመጀመሪያው አዳራሽ ላይ አንድ ማሰሮ አዩና ደብተራቸውን አውጥተው ቁጭ! ኃላፊው ዞር ብለው አላዩም። አንድ ጎብኚ ደግሞ ኃላፊው አስጎብኚ መስለውት ከኋላ ከኋላቸው ይከተላል። በየክፍሉ «አዲሱ ሠዓሊያችን» እየተባለ እጁን ጨበጥነው። ምሳም ጋበዝነው። «የሥዕል ጠረጴዛህ ይሄ ነው» ስንለው ነው «ኧረ እኔ የጥርስ ሐኪም ነኝ!» ያለው። እውነተኛው ሠዓሊ የተገኙት በመዝጊያ ሰዓት፣ ዘበኛው ከአዳራሽ ሲያስወጣቸው ነው። «ሠራተኛ ነኝ» ቢሉት «ሁሉም እንደዚያ ነው የሚለው» አላቸው። አንተ አትሣቅ፤ አንተው ነህ ያልከው።

ሥራችን የተያያዘ ነው። ወደ ሙዚየሙ የሚገባውን ዕቃ ሁሉ እሳቸው ይስላሉ፣ እኔ ቁጥር ሰጥቼ እመዘግባለሁ። የዕለት ደብተራቸውን የማያውቅ የለም። በግራ ገጽ የሙዚየም ዕቃ፣ በቀኝ ገጽ ጠዋት በእግራቸው ሲመጡ ያዩት ወፍ፣ ቅጠል፣ የዛፍ ልጥ፤ ከሥሩ ሁለት መስመር ማስታወሻ።

አርብ አርብ ደግሞ «ኑ እንናፈስ» ብለው በወንዙ ዳር ይዘውን ይወጣሉ። መናፈስ አሉ! መቶ እርምጃ ሳንሄድ «ቁሙ!» ይላሉ። አንዴ ጸሐፊያችን በረጅም ተረከዝ ጫማ ቆማ ቆማ ሲሰለቻት «ጋሼ፣ ምንድን ነው የምናየው?» አለቻቸው። «እኔም ገና አላወቅሁም፤ ለዚህ እኮ ነው የቆምነው» አሏት።

አሁን... የቱ ጋ ነበርኩ? አዎ። ይሄኛውን ኃላፊያችን በሌሉበት ልናገረው አስቤ ነበር፤ ፊት ለፊቴ ተቀምጠዋል፣ ምን ይደረግ። ባለፈው ሳምንት ጋሼ ክፍላቸውን ሲያስረክቡ ደብተሮቹን በሙሉ ጠረጴዛዬ ላይ ከመሩልኝ። «ምን ላድርጋቸው?» ስላቸው «እንጃ፤ አንብቢያቸው» ብለውኝ ሄዱ።

ሳነብ ሳነብ የዛሬ አራት ዓመት ላይ ደረስኩ። በግራ ገጽ አንድ መጅ አለ፤ ድሮ እህል ይፈጭበት የነበረ የእጅ ድንጋይ፣ ጎኑ የተሰነጠቀ። በቀኝ ገጽ ሌላ ድንጋይ አለ፤ ከሥሩ «ከድልድዩ ሥር፣ ሐሙስ ጠዋት፣ ለወረቀት መጫኛ» ይላል። ሦስተኛው አዳራሽ ውስጥ፣ መስታወት ሣጥን ውስጥ፣ በመብራት ሥር፣ «ቁጥር 3118፣ ጥንታዊ መጅ» ተብሎ የተቀመጠው የቀኙ ገጽ ድንጋይ ነው! የመዘገብኩትም እኔ ነኝ። መጁና ሥዕሎቹን የተጫነው ድንጋይ ጠረጴዛዬ ላይ ጎን ለጎን ነበሩ፤ የጋሼን ወረቀት መጫኛ ቁጥር ሰጥቼ ለእይታ ላክሁት። አራት ዓመት ሙሉ ተማሪ ተሰልፎ አየው። አስጎብኚያችን ደግሞ «የሰው መዳፍ ያለሰለሰው» እያለ ያስረዳ ነበር።

ሮጬ ወደ ጋሼ ሄድኩ።

«ጋሼ፣ ያውቁ ነበር?»

«የቱን?»

«ድንጋዩን!»

«የቱን ድንጋይ?» ይሉኛል፣ መስኮት መስኮቱን እያዩ።

ግራ ገባኝ። የማሰሮ እጀታ በክር ያህል ከዘመመባቸው ገጹን እንደገና የሚስሉ ሰው ናቸው። ተመልሼ ቀጣዩን ገጽ ገለጥኩ። እንዲህ ይላል፤ «መዝጋቢዋ ድንጋዮቹን አቀያይራለች። እናቷ ካረፉ ዛሬ አሥራ ሁለት ቀን ነው። አንድ ስህተት ከደገመች ከመዝገብ ክፍል እንደምትነሣ ተነግሯታል። ነገ እነግራታለሁ።» በማግስቱ፣ «ዛሬም አልቅሳለች። ነገ።» ከዚያ ለሰባት ሳምንት ከየወፉና ከየቅጠሉ ሥር «ነገ» ተብሎ ተጽፏል። መጨረሻ ላይ፣ «ዛሬ ስትሥቅ ሰማኋት። አሁን እንዴት ብዬ ልንገራት?» ከዚያ ወዲያ ስለ ድንጋዩ ምንም የለም።

እውነተኛው መጅ ዛሬ ጠዋት ተገኝቷል። የሥዕል ክፍሉ ታችኛው መሳቢያ ውስጥ ነበር፤ በንጹሕ ጨርቅ ተጠቅልሎ፣ ላዩ ላይ በእርሳስ «ስትጠይቅ የሚሰጣት» ተብሎ።

ኃላፊያችን፣ ሰኞ ጠዋት ሣጥኑን ራሴ ከፍቼ እቀይረዋለሁ። የተሳሳትኩት እኔ መሆኔንም መዝገቡ ላይ በስሜ እጽፋለሁ። ከመዝገብ ክፍል የሚያስነሣኝ ከሆነ ያስነሣኝ።

ጋሼ፣ እናቴ የሞተች ጊዜ ሁሉም አጽናናኝ፤ እርስዎ ብቻ አንድ ቃል አልተነፈሱም። አራት ዓመት ሙሉ ቅር ብሎኝ ኖሬአለሁ። ያ ሁሉ ቅሬታ አሁን የት እንደሚገባ አላውቅም። ይቅር ይበሉኝ። ግን ደግሞ ስህተቴን የምሸከም አልመሰልኩዎትም? ሥራዎን እንዲያ የሚወዱ ሰው፣ ለእኔ ሲሉ በዚያ ሣጥን አጠገብ ጠዋት ማታ እንዳላዩ ሆነው አለፉ። ይሄን ማን አደርግልሻለሁ ይላል?

በሉ፣ ብርጭቆ አንሡ። ጋሼ፣ ዓይንዎ አይፍዘዝ፣ እጅዎ አይንቀጥቀጥ፣ ጉልበትዎ ወንዙን ዳር ዳሩን ያራምድዎ። የልጅ ልጆችዎን መንገድ ላይ «ቁሙ!» የሚል አያት ያድርግዎ። እኔ ላመስግንዎ ወይስ ልቆጣዎት፣ እዚህ ቆሜ እንኳ አልለየልኝም፤ ሁለቱንም አንድ ላይ ይቀበሉኝ። ለጋሼ እርሳስ!