ሁለተኛው ጎራዴ ቅራሪ ነው

እኔን የጌም ፈራጅ ያደረገኝን ጉድ ስሙማ። ከምኖርበት ከትክል ድንጋይ መጥቼ ፀዳ ከተማ ልጄ ቤት ስደርስ የልጄ ልጅ ብርቱካን ኮምፒውተሯ ፊት ጉንጯን ይዛ ተቀምጣለች። ጌም እየሞከረች ለኢንተርኔት መጽሔት ፍርድ ልትጽፍ ነው፤ የመጀመሪያዋን ዛሬ ካላስረከበች ሥራው ለሌላ ሰው ይሰጣል።

«ምነው?» አልኋት።

«እምዬ፣ ይሄ የጃፓን ካርቱን የሚመስል የጎራዴ ጨዋታ ሁለተኛው ክፍል ነው። አንደኛውን ሁሉም ወዶት ነበር። ይሄንን ግን ‹ውጊያው ያው፣ ታሪኩ ቀጠነ› እያሉ ይነቅፉታል። እኔ ደግሞ ወደድሁት፤ ይስቁብኛል ብዬ ፈራሁ።»

«የሰው አፍ ምን ያስጠብቅሻል? ወዲህ በይው!»

መጫወቻውን ነጠቅኋት። በጨዋታው ውስጥ ዓይኗ እንደ ዋንጫ የሰፋ ልጃገረድ ጠላቷን እንደ ገብስ ታጭዳለች፤ ግን አትፎክርም! በእኛ አገር ሳይፎክሩ መግደል ነውር ነው። ስለዚህ እኔው «ዘራፍ!» አልሁላት፤ ጎረቤት በመስኮት አየ።

ከዚያ ፈረድሁ። «ይሄማ ቅራሪ ነው። ጠላው ሲያልቅ ድፍድፉን በውኃ አጥበሽ የምታወጪው። ጠላ ነው ብለሽ ከቀዳሽው እንግዳው ይቀየምሻል። ቅራሪ ነው ካልሽው ግን ጥሙን ቆርጦ ድገሚኝ ይልሻል።»

እየሳቀች እንዳልሁት ጻፈችው። አለቃዋ ወዲያው ደወለ፤ «እንዲህ ያለ ሸጋ ፍርድ አላነበብሁም፤ ቀጣዩም ያንቺ ነው» አላት።

ብርቱካን ዘልላ አቀፈችኝ።

«ዞር በይ፣ አትጋርጅኝ!» አልኋት። «ቅራሪዬን ገና አልጨረስሁም!»