ማንገቻውንም ያስተማሩት እትዬ

ለስንብት የተሰበሰባችሁ ቤተ ዘመዶች፣ ጎረቤቶችና የሥራ ባልደረቦች፤ ብዙዎቻችሁ «እትዬ ተርትሪው» እያላችሁ የምትጠሯቸው፣ ለእኛ ደግሞ እናትና አያት የነበሩት ሰው በምድር የቆዩበትን ዘመን እንዴት እንደኖሩት ከመሸኘታችን በፊት በአጭሩ እናሰማችኋለን።

እትዬ ተርትሪው፣ የባቡር ጣቢያ መጋዘን ጠባቂ ከነበሩት አባታቸውና የእህል ጆንያ አፍ እየሰፉ ቤታቸውን ይደግፉ ከነበሩት እናታቸው፣ ከሐዲዱ ማዶ ከተደረደሩት የሠራተኛ ቤቶች በአንደኛው ውስጥ የቤቱ የመጀመሪያ ልጅ ሆነው ተወለዱ። ባቡር ባለፈ ቁጥር የመስኮቱ መስተዋት በሚንቀጠቀጥበት በዚያ ቤት፣ ወፍራሙን የጆንያ መርፌ የጨበጡት ፊደል ከመቁጠራቸው በፊት ነበር። እናታቸው የተንጋደደ ስፌት ሲያዩ ክሩን መዝዘው ጆንያውን መልሰው ያስታቅፏቸው እንደነበር ራሳቸው እየሳቁ ያጫውቱን ነበር።

ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ በሰፈራቸው ትምህርት ቤት ገብተው፣ በተለይ በሒሳብ ጎበዝ ተማሪ ሆነው እስከ ስምንተኛ ክፍል ዘለቁ። አባታቸው ወገባቸውን ታመው ከሥራ ሲቀሩ ግን፣ ታናናሾቻቸው ትምህርታቸውን እንዳያቋርጡ ሲሉ የራሳቸውን አቋርጠው፣ ከዋናው መንገድ ዳር ባለው የተማሪ ቦርሳ ፋብሪካ በክር ቆራጭነት ተቀጠሩ። ታናናሾቻቸው ሁሉም ተምረው ለወግ ለማዕረግ በቅተዋል።

በፋብሪካው ከክር ቆራጭነት ወደ ስፌት መኪና፣ ከመኪናውም ወደ መስመር ኃላፊነት ያደጉት በማንም አማላጅነት ሳይሆን በእጃቸው ጥራት ነው። የተሰፋውን ቦርሳ አንስተው፣ ገልብጠው፣ ስፌቱን በአውራ ጣታቸው ዳስሰው ካልወደዱት፣ ድምፃቸውን ከፍ ሳያደርጉ «ተርትሪው» ይሉ ነበር። ቅጽል ስማቸውም ከዚያ የመጣ ነው። አንዳንዷ ሠራተኛማ እትዬ ቦርሳዋን ገና ሲያነሱት ፊታቸውን አይታ ምላጯን ትፈልግ ነበር ይባላል።

የትዳር ጓደኛቸውንም ያገኙት እዚያው ነው። የስፌት መኪና ጠጋኝ የነበሩት ባለቤታቸው ምንም ያልሆነውን የእሳቸውን መኪና «ድምፁ አላማረኝም» እያሉ በየጊዜው ሲፈታቱ ሲገጥሙ ቆይተው፣ እትዬ በመጨረሻ «መኪናውስ ደህና ነው፤ የሚሉት ነገር ካለ ለእኔው ይንገሩኝ» ስላሏቸው ነገሩ ፈር ያዘ። በትዳራቸውም ሁለት ሴቶችና አንድ ወንድ ልጅ አፍርተው፣ ትልቋን ለነርስነት፣ ተከታይዋን ለመምህርነት፣ ወንዱን ለንግድ አብቅተዋል። ልጃቸው ከባሕር ማዶ ዕቃ እያስመጣ የሚሸጥ ነጋዴ፣ እሳቸው ደግሞ እዚሁ የሚሰፉ በመሆናቸው እናትና ልጅ በምሳ ሰዓት መከራከር አይሰለቻቸውም ነበር። አንድ ጊዜ ካስመጣው መካከል የሚያምር የእጅ ቦርሳ መርጦ ቢሰጣቸው፣ ሳያመሰግኑት በፊት ገልብጠው ውስጡን ማየት ጀመሩ። «እማዬ፣ ስጦታ እኮ ነው» ቢላቸው፣ «ስጦታም ቢሆን ተሰፍቶ ነው የመጣው» አሉት።

የሕይወታቸው ትልቁ ፈተና የመጣው፣ ፋብሪካውን ከአባታቸው የተረከቡት ወጣት ሥራ አስኪያጅ ቦርሳው በርካሽ ዋጋ ባሕር ማዶ እንዲሰፋ በወሰኑ ጊዜ ነው። ሥራ አስኪያጁ ክፉ ሰው አልነበሩም። ሠራተኛውን በምግብ አዳራሹ ሰብስበው፣ ገበያው በርካሽ ቦርሳ መጥለቅለቁን፣ ባለበት ከቀጠለ ከስፌት ክፍሉ አልፎ የመጋዘኑም የሽያጩም ሰው እንደሚበተን፣ ዋጋው ሲወርድ ደግሞ ቦርሳ መግዛት ያቃተው ወላጅ ሁሉ ለልጁ እንደሚገዛ አስረዱ። ከእትዬ አጠገብ ባለው መኪና ከልጅነት ጀምሮ አብረዋቸው የሰፉት ሴት ባልንጀራቸው ተነሥተው «ደመወዛችን ሲቀር እኛ ያንን ርካሽ ቦርሳ በምን እንገዛዋለን?» ብለው ጠየቁ።

ወደ ባሕር ማዶ ሄደው ስፌቱን እንዲያስተምሩ የተመረጡት እትዬ ተርትሪው ነበሩ። የፋብሪካው ቦርሳ የሚታወቀው በማንገቻው ነበር። የማንገቻውን ጫፍ አጥፎ፣ በገበሩ ውስጥ አሳልፎ፣ ከሥሩ ሌላ ጨርቅ ደርቦ መስፋት ከውጭ የማይታይ ሥራ ነው። ያንን የዘለለ ቦርሳ ለዓይን ምንም አይጎድለውም፤ መጽሐፍ ሲሞላ ግን ውሎ አድሮ ከትከሻ ላይ ይበጠሳል። እትዬ ሊሄዱ ሲሉ ባልንጀራቸው ልብስ መቀየሪያው ክፍል ጠብቀው፣ «ሌላውን ሁሉ አስተምሪያቸው፤ ማንገቻውን ብቻ ተዪው። በየትምህርት ቤቱ ደጅ ሲበጠስ ሥራው ራሱ ወደ እኛ ይመለሳል» አሏቸው። ሌሎቹም ከኋላ ቆመው ይሰሙ ነበር። እትዬ እሺም እምቢም ሳይሉ ሻንጣቸውን ይዘው ሄዱ።

እዚያ ሲደርሱ ያገኙት፣ እንደ እሳቸው የልጅነት ጊዜ መርፌ የወጋውን ጣታቸውን በጨርቅ ጠቅልለው የሚሰፉ ሴቶችን ነበር። ቋንቋ ባይግባቡም ሴቶቹ ከእሳቸው መጀመሪያ የለመዱት ቃል «ተርትሪው» እንደነበረ፣ እርስ በርሳቸውም እየተባባሉ ይሣሣቁ እንደነበር ሲናገሩ ደስታቸው ከፊታቸው ይነበብ ነበር። የማንገቻው ተራ በደረሰ ቀን ግን እጃቸውን ከመኪናው ላይ አንሥተው ብዙ አሰቡ። በአንድ በኩል የባልንጀሮቻቸው እንጀራ፣ በሌላ በኩል የማያውቁት ልጅ ትከሻ ነበር። በመጨረሻም ቁጭ ብለው ማንገቻውን አንድ ሳያስቀሩ አስተማሩ።

ከሄዱበት ሲመለሱ ሌላ ሰው እስኪያወራው አልጠበቁም። ምግብ አዳራሹ ገብተው ቆመው፣ «አስተምሬያቸዋለሁ፤ ማንገቻውንም ጭምር። ቦርሳውን የሚሸከመው ልጅ ምን አደረገኝ?» አሉ። ባልንጀራቸው ሳህናቸውን አንስተው ወደ ሌላ ጠረጴዛ ሄዱ፤ የቀሩትም ተከተሏቸው። ከዚያ ቀን ወዲያ ብቻቸውን መብላት ሆነ። ሌላው ቀርቶ ሰላምታ እንኳ ነፈጓቸው።

እትዬ ግን ኩርፊያውን ችለው ወደ ሥራ አስኪያጁ ቢሮ ወጡ። በመርከብ የሚመጣ ዕቃ ትምህርት ከተከፈተ በኋላ ሊደርስ እንደሚችል፣ ፋብሪካው ከተማሪው ቦርሳ ጎን የሚሰፋው የፖስታ አመላላሾችና የድንገተኛ ሐኪሞች ቦርሳ በየሰዉ ልክ ስለሚሰፋ ለባሕር ማዶ ትእዛዝ እንደማይመች፣ የተበላሸውንም የሚጠግን እጅ ቅርብ መኖር እንዳለበት ዘርዝረው፣ አንድ የስፌት አዳራሽ እዚሁ እንዲቀር ጠየቁ። ሥራ አስኪያጁ ተገርመው፣ «እትዬ፣ እርስዎ ራስዎ እዚያ ድረስ ሄደው አሳምረው አስተምረው፣ አሁን ደግሞ እዚህ ይቅር ይሉኛል?» ቢሏቸው፣ «አሳምሬ ስላስተማርኩ ነው ልከራከርዎት የቻልኩት። አበላሽቼ መጥቼ ቢሆን ኖሮ ዛሬ ቃሌን ያምኑኝ ነበር?» ሲሉ መለሱላቸው። ሥራ አስኪያጁ ወዲያው አልተስማሙም፤ ሒሳቡን አስልተው፣ ደንበኞቹን አነጋግረው፣ በመጨረሻ አዳራሹ እንዲቀር ፈቀዱ።

ከሠራተኛው አብዛኛው መሰናበቱ ግን አልቀረም። እትዬ ይህንን አሸነፍኩ ብለው አውርተውት አያውቁም፤ የተሰናበቱትን በመንገድ ሲያገኙ ዓይናቸው እንባ ያቀር ነበር። ለአዳራሹ ሰፊዎች ሲመርጡ መጀመሪያ የሄዱት ወደ ባልንጀራቸው ቤት ነው። ባልንጀራቸው ግቢ ሳይሏቸው ደጃፍ ላይ አቁመው፣ «ከመኪናዬ ያስነሣሽኝ አንቺ ነሽ» አሏቸው። እትዬም «አዎ» ብለው ተመለሱ። በሌላ ቀን ደግመው ሄዱ፤ እንደገናም ሄዱ። ከብዙ ደጅ ጥናት በኋላ ባልንጀራቸው ምላጫቸውን በመሐረብ ጠቅልለው ወደ አዳራሹ መጡና፣ «ለአንቺ ብዬ እንዳይመስልሽ፤ ማንገቻውን የሚያበላሽ እንዳይገባበት ነው» ብለው ተቀመጡ። ሁለቱም ጡረታ እስኪወጡ ድረስ ጎን ለጎን ሰፉ።

አዳራሹ ዛሬም ይሠራል። ከእሳቸው እጅ የተማሩ ልጆች አሁን ሌሎችን ያስተምራሉ። በዚህ ከተማ በብስክሌት የሚሄድ ፖስታ አመላላሽ ስታዩ፣ በትከሻው ላይ ያለው ማንገቻ የእናታችን ትምህርት እንደሆነ በኩራት እንነግራችኋለን።

እትዬ ባለቤታቸውን በሞት ከተለዩ በኋላ በልብ ሕመም ሲታከሙ ቆይተው፣ በሆስፒታልም በቤትም ልጆቻቸውና የአዳራሹ ሴቶች እየተፈራረቁ ሲያስታምሟቸው፣ በተወለዱ በሰባ ስምንት ዓመታቸው በእንቅልፍ ላይ እንዳሉ አረፉ። ማረፋቸው በተሰማ ጊዜ ባሕር ማዶ ያስተማሯቸው ሴቶች የኀዘን ቃላቸውን በድምፅ ቀርጸው ልከውልናል። የምንለየው አንዲት ቃል ብቻ ብትሆንም፣ እሷን ስንሰማ ሁላችንም እያለቀስን ሳቅን።

ሁለት ሴት ልጆቻቸው፣ አንድ ወንድ ልጃቸው፣ የልጅ ልጆቻቸው፣ ታናናሽ ወንድሞቻቸውና እኅቶቻቸው ከኋላቸው ቀርተዋል። የስፌት ባልንጀራቸውም ከፊት ወንበር ተቀምጠው ይሰሙናል። ይህ ጽሑፍ ሲዘጋጅ ከባልደረቦች ተርታ ጽፈናቸው ነበር፤ ሲነበብላቸው ግን «እዚያ አይደለም ቦታዬ» ብለው አስሰርዘውናል። ስለዚህ አርመን እናነባለን፦ እትዬ ተርትሪው ከእናታቸው ያልተወለዱ አንዲት ታላቅ እኅትም ትተው አልፈዋል።

የሁላችን ፈጣሪ ደክማ ሸክሟን ላወረደችው ነፍሳቸው የሰላም ማረፊያ ያዘጋጅላት፤ ለቀረነውም መጽናናቱን ያድለን።