የውሰቱ አጥቂ የማይሰለፍበት ጨዋታ

ቅዳሜ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ከእንሴኖ ወደ ቡታጅራ በሚሄድ ሚኒባስ ተሳፍሬ ነበር። ከፊቴ የቡታጅራውን ክለባችንን ማሊያ የለበሰ ወጣትና የማያውቃቸው አንድ በርበሬ ነጋዴ አባት ተቀምጠዋል።

«ነገ አለቀልን ጋሼ፤ አጥቂያችን አይጫወትም» አለ ወጣቱ።

«ያ በውሰት የመጣው? ታመመ እንዴ?»

«ጤነኛ ነው። የነገ ተጋጣሚያችን ግን ያዋሰን ክለብ ነው። በእነሱ ላይ ላናሰልፈው ተፈራርመናል።»

«ወላሂ? በሬ አውሰውህ በእኛ ድንበር በኩል እንዳታርስ እንደማለት ነው!»

«ከተሸነፍን ደግሞ ወደ ታችኛው ሊግ እንወርዳለን።»

«በእሱ ቦታ ማን ይገባል?»

«አንድ የእንሴኖ ልጅ ነበር። የውሰቱ አጥቂ ከመጣ ወዲህ ተጠባባቂ ሆኖ አኩርፎ ልምምድ ተወ። አሰልጣኙ ከጠዋት ጀምሮ ቢደውልለት አያነሳም አሉ። እሱን ብሎ አጥቂ!»

ነጋዴው ስልካቸውን አውጥተው ደወሉ።

«ተነስ! በዚህ ሰዓት ምን እንቅልፍ ነው? አሰልጣኝህ ሲደውል አንሳ፤ ነገ ትገባለህ… ታኬታህን ምን አደረግከው? ለአጎትህ ልጅ ሰጠኸው? ሂድና ተቀበለው! አሁኑኑ!»

ወጣቱ አንገቱን ደፋ።

«ልጅዎ መሆኑን አላወቅኩም ጋሼ፤ ይቅርታ።»

«ይቅርታውን ተወው። ነገ ቢስት እንዳትሰድብብኝ።»

«ካገባ ተሸክሜው ከተማውን እዞራለሁ።»

«ከሳተስ?»

«ከሳተማ… ጋሼ፣ ቃል አልገባም።»

በማግስቱ ጠዋት፣ ስታዲየም ገብቼ የማላውቅ ሴት ብሆንም፣ ከወንዶቹ ሰልፍ መጨረሻ ቆሜ ትኬት ቆረጥኩ።